ከማን ወገን ነን? የወንጌል አማኝና የፖለቲካ ፓርቲ



ምርጫ በቀረበ ቁጥር ወደ መጋቢዎች የሚመጡ ጥያቄዎች አሉ። «መጋቢ፣ የፓርቲ አባል ብሆን ኃጢአት ነው?» «አባል ካልሆንክ እድገትህን እርሳው ተብያለሁ፤ ምን ላድርግ?» «ሽማግሌያችን እሑድ በመድረክ ያስተምሩናል፤ ሰኞ ደግሞ በመሥሪያ ቤት ይገመግሙናል፤ የትኛውን ድምፃቸውን ልስማ?» እነዚህ ጥያቄዎች በአርባ ምንጭ በሴቻም በሲቀላም፣ በደጋው በጨንቻም በቦንኬም ይሰማሉ። ጠያቂዎቹ የሚጨነቁት በከንቱ አይደለም። አንዳንዱ እንጀራው፣ አንዳንዱ ወንድሙ፣ አንዳንዱ ደግሞ ኅሊናው ጉዳዩ ውስጥ አለበት።

ይህ ጽሑፍ የትኛውን ፓርቲ መምረጥ እንዳለብን አይናገርም። የመጣንበትን መንገድ በአጭሩ ያስታውሳል፤ የእግዚአብሔር ቃል ምን እንደሚያስተምር ያያል፤ በመጨረሻም በተደጋጋሚ ለሚነሡ ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት ይሞክራል።

1. በመጀመሪያ ቃላቱን እንለይ

አገር፣ መንግሥትና ፓርቲ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አገር እግዚአብሔር በውስጧ እንድንወለድና እንድንኖር የፈቀደልን ምድርና ሕዝብ ናት። መንግሥት ሕግ የሚያስከብር፣ ግብር የሚሰበስብ፣ ክፉ አድራጊን የሚቀጣ ሥልጣን ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 13 የሚናገረው ስለዚህ ነው። ፓርቲ ግን ተመሳሳይ አሳብ ያላቸው ሰዎች ሥልጣን ለመያዝ የሚያቋቁሙት ማኅበር ነው። ፓርቲ የሚለው የባዕድ ቃል ራሱ መነሻው «ክፍል» ማለት ነው። ክፍል ደግሞ ሙሉ አይደለም።

በአገራችን ሦስቱ ተደበላልቀው ኖረዋል። የ1979ኙ የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ኢሠፓን የመንግሥትና የኅብረተሰቡ መሪ አድርጎ አስቀምጦ ነበር። ከዚያም በኋላ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ የፓርቲው ሕዋስ መሪና የማዳበሪያው አከፋፋይ አንድ ሰው ሆኖ የታየበት ቦታ ብዙ ነው። ስለዚህ አንድ ገበሬ ፓርቲውን ሲነቅፍ መንግሥትን የካደ፣ መንግሥትን ሲጠይቅ ደግሞ አገሩን የጠላ ይመስለዋል። ክርስቲያን ይህን ልዩነት በልቡ ካልያዘ፣ ለመንግሥት እንዲገዛ የታዘዘውን ቃል ለፓርቲ የተሰጠ ትእዛዝ አድርጎ ይወስደዋል።

2. የመጣንበት መንገድ

ሀ/ ሥልጣን የሌላቸው ምስክሮች። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን በ1920 ዓ.ም. ግድም ወደ ደቡብ መጡ። ጣልያን አገራችንን ሲወርር ከአገር ሲወጡ በወላይታ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች ከሃምሳ አይበልጡም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ግን ቁጥሩ ወደ 10 ሺህ ደርሶ እንዳገኙት በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይነገራል። ከነዚያ አማኞች መካከል የወጡ ወንጌላውያን ወደ ጋሞና ወደ ጎፋ ደጋዎች በእግራቸው ተሻገሩ። ከእነርሱ አንዱ ወንጌላዊ ማሄ ጮራሞ ነበሩ። የሚያስከብር ደብዳቤ፣ የሚደግፍ ባለ ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ድብደባና እስር ግን ነበራቸው። ወንጌል ወደ ጋሞ የገባው በሥልጣን ትከሻ ላይ ተቀምጦ አይደለም።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አንዲት የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ስለ ነበረች የወንጌል አማኝ በገዛ አገሩ እንደ መጤ ይታይ ነበር። በ1959 ዓ.ም. ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ሕጋዊ ፈቃድ ጠይቃ ተከልክላለች። ስለዚህ መንግሥትና አንድ ሃይማኖት ሲጋቡ ሌላው ምን እንደሚደርስበት ከማንም ይልቅ እኛ ልናውቅ ይገባን ነበር።

ለ/ የደርግ ዘመን። አብዮቱ ሲፈነዳ ብዙ አማኞች ተደስተው ነበር። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ለደቡብ ገባር ትልቅ ነገር ነበር፤ የሃይማኖት እኩልነትም ተነገረ። መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በዚያው ዓመት ባወጣችው መግለጫ ለውጡን ሳትቃወም፣ ርእዮተ ዓለም ፍጹም ሊሆን እንደማይችልና ሙሉ ታማኝነት ለእግዚአብሔር ብቻ እንደሚገባ አሳሰበች። ያ አቋም ዋጋ አስከፈለ። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር ለመውጣት ዕድል ቢያገኙም መንጋውን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት ታሰረ። በወላይታ፣ በጋሞ ጎፋ፣ በወለጋ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። ግራ እጅህን አንሥተህ መፈክር አሰማ ሲባል እምቢ ያለ ገበሬና ተማሪ ጣቢያ ገባ።

እነዚያ ሰዎች ግብር አንከፍልም፣ እርከን አንሠራም አላሉም። እምቢ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለእግዚአብሔር የሚገባውን የበላይነት ለአብዮቱ መስጠትን።

ሐ/ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ። ደርግ ወደቀ፤ የተዘጉት ደጆች ተከፈቱ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ደነገገ። ቤተ ክርስቲያን አደገች። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በአገር ደረጃ 18.6 ከመቶ የሚሆነው ሕዝብ ፕሮቴስታንት ተብሎ ተመዘገበ፤ በቀድሞው ጋሞ ጎፋ ዞን ግን ከግማሽ በላይ ነበር። በሩብ ምዕተ ዓመት ውስጥ ከታሳሪነት ወደ ብዙኃንነት ተሻገርን። ለዚህ ማንም አላዘጋጀንም ነበር።

ነፃነቱ ምስጋናን ወለደ፤ ምስጋናው ደግሞ በአንዳንዶቻችን ዘንድ ዕዳ ሆነ። በ1997ቱ ምርጫ ንቡንና የሁለት ጣቱን ምልክት የያዙ አማኞች በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። አንዱ «እነዚህ ከሄዱ አምልኮአችን ይዘጋል» ይል ነበር፤ ሌላው «እነዚህ ካልሄዱ ፍትሕ የለም» ይል ነበር። ሁለቱም ስጋታቸውን እምነት ብለው ጠሩት።

መ/ «የእኛ ሰው» ሲመጣ። በ2005 ዓ.ም. አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ቀድሞ የአርባ ምንጭ ውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ዲን ነበሩና በከተማችን ብዙዎች ያውቋቸዋል። የሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን አባል ናቸው፤ በሥላሴ ትምህርት ከአብዛኞቻችን ይለያሉ። ሆኖም ለትምህርት ልዩነት ሲከራከር የኖረ ወገን ጉዳዩ ቤተ መንግሥት ሲደርስ «የእኛ ሰው ነው» ለማለት አልዘገየም። መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ሲሾሙ ደግሞ ደስታው እጥፍ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ይህ አባቶቻችን ያላዩት መብት ነውና እግዚአብሔርን እናመሰግናለን።

ነገር ግን በዚያው ጊዜ ገዢው ፓርቲ ብልጽግና ተብሎ ሲቋቋም፣ ቃሉ በቤተ ክርስቲያን ቀድሞውኑ ክርክር ያለበት ቃል ነበር። ስለ ብልጽግና ወንጌል ስንከራከር የኖርን ሰዎች አሁን ትምህርቱን ስንነቅፍ ፓርቲውን የነቀፍን፣ ፓርቲውን ስንነቅፍ ደግሞ ወንድማችንን የከዳን መሰለን። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ለአንዱ ወገን ድል በመድረክ የጸለይን ብዙዎች ነን። በትግራይ ያሉ የወንጌል አማኞች ግን ያንኑ ጌታ እየጠሩ በቦምብ ሥር ነበሩ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ፣ ዝም ያልናቸውን ወንድሞች ዐይን ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ ያየ ያውቀዋል።

ሠ/ የክልሉ ጉዳይ። በጥር 2015 ዓ.ም. ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች ሕዝበ ውሳኔ አካሄዱ፤ በነሐሴ ወር የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። የክልሉ መቀመጫ የት ይሁን የሚለው ክርክር በጋሞና በወላይታ አማኞች መካከል እንኳ ቃል አወራወረ። እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ወንጌልን በባዶ እግሩ ተሸክሞልን የመጣው ማን ነበር? የልጅ ልጆቹን ስለ ቢሮ መቀመጫ ስንሰድብ አባቶቻችን ምን ይሉን ይሆን?

3. ቃሉ ምን ያስተምረናል?

ኢያሱ በኢያሪኮ አጠገብ ሰይፉን የመዘዘ ሰው አይቶ ከእኛ ወገን ነህ ወይስ ከጠላቶቻችን ብሎ ጠየቀ (ኢያሱ 5፥13-15)። መልሱ ሁለቱም አልነበረም፤ የእግዚአብሔር ሠራዊት አለቃ ነበር። ያን ጊዜ ኢያሱ በምድር ላይ ወደቀ፤ ጫማውንም እንዲያወልቅ ታዘዘ። ጥያቄው ተገለበጠ። እግዚአብሔር ከማን ወገን ነው ማለት ቀረና ኢያሱ ከማን ወገን ነው የሚለው ቀረ።

ጌታ ከመረጣቸው ዐሥራ ሁለቱ መካከል ቀናተኛው ስምዖን እና ቀራጩ ማቴዎስ ነበሩ (ሉቃስ 6፥15)። አንደኛው ሮማን በሚጠላ ወገን ስም የሚጠራ፣ ሌላኛው ለዚያው ሥርዓት ቀረጥ ሲሰበስብ የነበረ። በእኛ ዘመን ቢሆኑ አንዱ ተቃዋሚ፣ ሌላው የገቢዎች ሠራተኛ ነበሩ። ጌታ በአንድ ማዕድ አስቀመጣቸው። በዚያ ማዕድ ሁለቱም በስማቸው ተጠሩ፤ ሁለቱም ግን ለአንድ ጌታ ተገዙ።

ለመንግሥት መገዛት ትእዛዝ ነው (ሮሜ 13፥1-7)፤ ለገዢዎች መጸለይም ትእዛዝ ነው (1 ጢሞ. 2፥1-2)። የከተማዋን ሰላም መፈለግም እንደዚያው ነው (ኤር. 29፥7)። ነገር ግን ያው መጽሐፍ በራእይ 13 ሥልጣን አምልኮ ሲጠይቅ አውሬ እንደሚሆን ያሳየናል፤ ጴጥሮስም ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ እንደሚገባ መስክሯል (ሐዋ. 5፥29)። ዳንኤል ለባቢሎንም ለሜዶንም መንግሥት በታማኝነት ሠርቷል፤ የጸሎት መስኮቱን ግን ለማንም አልዘጋም።

ሚክያስን ደግሞ አንርሳ (1 ነገሥት 22)። አራት መቶ ነቢያት ንጉሡ ሊሰማ የሚወደውን ተናገሩ፤ አንዱ ብቻ እውነቱን ተናገረና ወደ እስር ቤት ተመለሰ። ባለፉት ዓመታት በየመድረኩ ስለ ገዢዎች ስንት ትንቢት ሰማን? የአራት መቶው ድምፅ ምን ጊዜም ከፍ ያለ ነው።

ይህ በእኛ ላይ ብቻ የደረሰ ፈተና አይደለም። በጀርመን ብዙ ቤተ ክርስቲያን ናዚን እንደ ብሔራዊ ትንሣኤ ተቀበለች፤ ጥቂቶች በ1934 እ.ኤ.አ. በባርመን ተሰብስበው የቤተ ክርስቲያን ጌታ ክርስቶስ ብቻ ነው ብለው ተናዘዙ። በሩዋንዳ አብዛኛው ሕዝብ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ በ1994 እ.ኤ.አ. ሰዎች በተጠለሉባቸው አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ታረዱ። የክርስቲያን ቁጥር መብዛት ብቻውን አገርን አይጠብቅም።

4. ታማኝነት መስመሩን እንዳለፈ የሚያሳዩ ምልክቶች

የፓርቲ አባል የሆነም ያልሆነም ራሱን ቢመረምር መልካም ነው።

• የፓርቲዬ ሰው ሲሰርቅ ምክንያት የምፈልግለት፣ የሌላው ሲሰርቅ ግን የምጮኽ ከሆነ።
• የመሪን ስም ሲነቅፉብኝ የምቆጣው የጌታ ስም ሲሰደብ ከምቆጣው በላይ ከሆነ።
• በሌላ ወገን ያለ ወንድሜ ሲታሰር «እጁ ይኖርበታል» ብዬ ሳላጣራ የማልፍ ከሆነ።
• በጌታ እራት ላይ ከማን ጋር እንደምቀመጥ የምመርጥ ከሆነ።
• ስለ ገዢው የምጸልየው ጸሎት በምርጫ ዋዜማ ብቻ የሚረዝም ከሆነ።

5. የራሴ ጥፋት

ይህን የምጽፈው ከተራራ ላይ ቆሜ አይደለም። በ2013ቱ ምርጫ ሰሞን አንድ ዕጩ ሊጎበኙን መጡ። እኔም «ሰላምታ ብቻ» ብዬ ማይክራፎኑን ሰጠኋቸው። ሰላምታው ወደ ዐሥር ደቂቃ ንግግር ሆነ፤ ጉባኤውም አጨበጨበ። በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ልጃቸው በዚያ ወር በፖለቲካ ምክንያት ታስሮ እንደ ነበር ያወቅሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ለመጸለይ ነበር የመጣሁት፤ ቦታው ተይዞ አገኘሁት» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ በሚመጣው እሑድ በጉባኤው ፊት ስሕተቴን ተናዘዝሁ። አንዳንድ ሽማግሌዎች አልወደዱትም። እኚያ እናት ግን ተመልሰው መጡ።

6. ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ክርስቲያን የፓርቲ አባል መሆን ይችላል?
መልስ፦ ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 በፈቃድ የፖለቲካ ድርጅት አባል መሆንን መብት አድርጎታል። ዮሴፍና ዳንኤል በአሕዛብ ቤተ መንግሥት አገልግለዋል። ነገር ግን ስትገባ አባልነትህ ቅድመ ሁኔታ ያለው መሆኑን ለራስህም ለድርጅቱም ግልጽ አድርግ፦ አልዋሽም፣ በሐሰት አልመሰክርም፣ ሰውን በዘሩ አልጠላም። ይህን ይዘህ የምትቆይበት ከሆነ ቆይ፤ የማያስቆይህ ከሆነ በሩን ታውቀዋለህ።

ጥያቄ፦ ለእንጀራዬ ስል አባል ሆኛለሁ፤ በልቤ ግን አላምንበትም።
መልስ፦ በገጠር ያለች አስተማሪ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ምን ዓይነት ጫና እንደሚደርስባት ስለምናውቅ በችኮላ አንፈርድም። ሆኖም ባላመንንበት ነገር ላይ እምነት እንዳለን መማል ኅሊናን ቀስ በቀስ ያደነዝዛል። ብቻህን አትሸከመው፤ ለመጋቢህና ለምታምናቸው ወንድሞች ንገር። ቤተ ክርስቲያንም እውነትን በመናገሩ እድገቱን ወይም ሥራውን ያጣን ወገን ቤት ኪራይ ለመክፈል ካልተዘጋጀች፣ በመድረክ ስለ ጽናት ለመስበክ አፍ የላትም።

ጥያቄ፦ መጋቢ ወይም ሽማግሌ የፓርቲ ኃላፊ ቢሆንስ?
መልስ፦ የግል አሳቤን ልናገር። መንጋው የሁሉ ወገን ነው፤ እረኛው የአንድ ወገን ከሆነ ግማሹ መንጋ ድምፁን ይፈራል። ኃጢአቱን ሊናዘዝ የሚመጣ ሰው ማስታወሻው ወዴት እንደሚሄድ ሊጠራጠር አይገባም። ስለዚህ የፓርቲ ኃላፊነት የተቀበለ አገልጋይ ለዚያ ጊዜ ከእረኝነቱ ቢያርፍ ይሻላል። ይህ ውርደት አይደለም፤ ለመንጋው ማሰብ ነው።

ጥያቄ፦ አማኝ የሆነውን ዕጩ መምረጥ ግዴታዬ ነው?
መልስ፦ አይደለም። በሽተኛ ስንሆን ሐኪሙ ሙያውን ማወቁን እንጠይቃለን። ዕጩም እንዲሁ በእውነተኛነቱ፣ ለድሃ ባለው ፍትሕና በችሎታው ይመዘን። ጸሎት የሚያውቅ ሰው መሪ ሲሆን ደስ ይላል፤ ግን ይበልጥ ይጠየቃል እንጂ ጥያቄ አይቀርለትም። ናታን ዳዊትን የገሠጸው ዳዊት የእግዚአብሔር ሰው ስለ ነበረ ነው (2 ሳሙ. 12)።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከፖለቲካ ርቀን ብንቀመጥስ?
መልስ፦ ጳውሎስ ያለ ፍርድ ሲገረፍ የሮም ዜግነቱን አስታውሷል (ሐዋ. 16፥37)፤ ይግባኝም ብሏል (ሐዋ. 25፥11)። ዝምታም ወገንተኝነት ሊሆን ይችላል፤ ሁልጊዜ የሚጠቅመው ባለ ጉልበቱን ነውና። ቤተ ክርስቲያን ፓርቲ አትደግፍም፤ ነገር ግን ሰው ያለ ፍርድ ሲታሰር፣ መሬቱን ሲነጠቅ፣ በዘሩ ሲገደል የማን ወገን ነው ሳትል መናገር አለባት።

7. እርጥብ ሣር

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና አካባቢዋ ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተገደሉ፤ ተፈናቀሉም። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። ያን ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹ የአባቶችን ጉልበት ተሻግረው ማለፍ አልቻሉም፤ ተመለሱ። በከተማችን የሚኖሩ የኦሮሞ ወገኖቻችን ሕይወትና ንብረት ተረፈ።

ከአባቶቻችን ሥርዓት ውስጥ በወንጌል ፊት የማንቀበለው አለ፤ ይህን አልሰውርም። ሆኖም ዱቡሻ ላይ ሰው በየተራው ይናገራል፤ ሁሉም ይደመጣል፤ ስምምነት ሳይገኝ አይነሡም። በዚያን ቀን የተንበረከኩት አባቶች ሥልጣን ቢኖራቸው ያን ያህል ባልተሰሙ ነበር። የተሰሙት የማንም ካድሬ ስላልነበሩ ነው። ቤተ ክርስቲያንም አንድ ቀን ከሚጣሉ ወገኖች መካከል ገብታ መንበርከክ ይጠበቅባት ይሆናል። ያን ጊዜ በአንደኛው ወገን ቲሸርት ከተገኘች ማን ይቆምላታል?

ስለዚህ የተወደዳችሁ፣ ካርዳችሁን ውሰዱ፣ ምረጡ፣ ከፈለጋችሁም ተመረጡ። ግን ወደ ጌታ ማዕድ ስትመጡ የፓርቲ ባጃችሁን ከልባችሁ ላይ አውልቁ። በዚያ ማዕድ ከጎናችሁ የሚቀመጠው የማን መራጭ እንደሆነ ሳይሆን ለማን ደም እንደ ተገዛ አስቡ። ሀገራችን በሰማይ ናትና (ፊልጵ. 3፥20)፣ የምድሯን አገራችንን በነፃ ልብ ማገልገል እንችላለን።

እግዚአብሔር ኢትዮጵያን ይባርክ! ለቤተ ክርስቲያኑም የሚክያስን አንደበትና የተንበረካኪዎችን ጉልበት ይስጣት። አሜን።